የከፈተ ይሳፈራል

ቡታጅራ፣ ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሙከሚል፤ ሻርጃ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። በሰው አገር ያለህን ጤና አላህ ይጠብቅልህ፤ እጅህን ከማሽን ጥርስ፣ ልብህን ከክፉ ባልንጀራ ያርቅልህ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። አክስትህ ሃሊማ አገላብጣ ስማሃለች። ባለቤትህ ባሂራም ደህና ናት። ለመውሊድ መጥተህ ከሄድክ ወዲህ አራተኛ ወሯን ይዛለች፤ የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነውና ላይ አገር፣ ዘቢዳር ተራራ ስር፣ እናቷ ዘንድ ወጥታለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። ስልክ አልወድም። ስልክ ላይ የተባለ ነገር ሲዘጋ ያልቃል፤ ወረቀት ግን ጋራዡ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔም አለሁ፣ ወረቀቱም አለ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እናንተ ዓረብ አገር ያላችሁ ልጆች ለእድሩ የላካችሁት መኪና ታሟል። ከላይ አገር ወላድ ወደ ሆስፒታል የሚያወርድ ሌላ መኪና እንደሌለን ታውቃለህ። ሾፌሩ አብዶ እንደሚለው፣ ሲሞቅ ዳገት ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጉልበቱ ግን ጎማው ጋ አይደርስም። ፍሪሲዮን ያለው ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ እሠራው ነበር። ይህ አውቶማቲክ የሚሉት ፍሪሲዮን የለው፣ ምኑን ልፈትሽ?

የእድሩ ሰዎች ወልቂጤ ኢዮብ የሚባል ልጅ አለ፣ ኮምፒውተር ሰክቶ አውቶማቲክ ይሠራል፣ እሱ ጋ እንውሰደው ይሉኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ካምቢዮ ሳወርድ ኖሬ መኪናዬን ሌላ ከተማ ላሳክም? አንተ እኔ እጅ ላይ አድገህ፣ አሁን እዚያ የምትሠራው ይህንኑ ነው አሉ። ጻፍልኝ። ልጅህም የሚወርደው በዚሁ መኪና ነው።

አጎትህ ሀያቱ


ሻርጃ፣ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ሀያቱ።

ወአለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። ጉልበትዎንና ዕድሜዎን አላህ ያርዝምልኝ፤ ከጋራዥዎ በር ሰው አይጥፋ። እኔ ሙቀቱ ከመክፋቱ በስተቀር ደህና ነኝ።

በመጀመሪያ ቅሬታዬን ልናገር። በደወልኩ ቁጥር ስልኩን የምታነሳው አክስቴ ሃሊማ ናት። «ጋሼን አገናኚኝ» ስላት «ሥራ ላይ ነው»፣ «መስጊድ ሄዷል»፣ «ተኝቷል»። ለመውሊድ በመጣሁ ጊዜም ብዙ አላወሩኝም። ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ነው ደብዳቤዎ የደረሰኝ። ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ።

መኪናው እንዲህ ነው። ፍሪሲዮን ባለው መኪና ሞተሩና ካምቢዮው በሰሌዳ ይያያዛሉ። አውቶማቲክ ላይ መሃላቸው አንድ ክብ፣ ዙሪያውን የተበየደ ዕቃ አለ፤ ቶርክ ኮንቨርተር ይባላል። ውስጡ ዘይት ነው። ሞተሩ ዘይቱን ይገፋል፣ የተገፋው ዘይት ካምቢዮውን ያዞራል። እኔ እዚህ ቀኑን ሙሉ ሥራዬ እሱን በቶርኖ ማሽን ቆርጦ መክፈት፣ ማጠብ፣ ያለቀውን መቀየርና መልሶ መበየድ ነው።

ካምቢዮውን ካወረዱ በኋላ ዘይቱን ነጭ ጨርቅ ላይ ያፍስሱት። ብረት እንደ አሸዋ ካብለጨለጨ አልቋል ማለት ነው። የክቡን ዕቃ አንገት በጥፍርዎ ይዳብሱት፣ የተቆረቆረ መስመር መኖር የለበትም። ጣትዎን ወደ ውስጥ ከትተው የመሃሉን ቀለበት ያዙሩት፤ ወደ አንድ ወገን ዞሮ ወደ ሌላው እምቢ ማለት አለበት። ወደ ሁለቱም ከዞረ አልያም ወደ ሁለቱም እምቢ ካለ ሞቷል።

የባሂራን ነገር አደራ። በስልክ ደህና ነኝ ትለኛለች፤ እሷ ግን ቤት ቢቃጠልባትም ደህና ነኝ ነው የምትለው።

ሙከሚል


ቡታጅራ፣ የካቲት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙከሚል።

አሰላሙ አለይኩም። ረመዳን ደርሷል፤ በሰላም አስገብቶ በሰላም ያስወጣን። ምንም አላስቀየምከኝም። ሃሊማ ስልክ ስለምትወድ ነው፤ የሷን ደስታ ለምን እነጥቃለሁ?

ያልከውን አደረግሁ። ዕቃውን ሳየው ሳቄ መጣ፤ የጓሮ ዱባ ነው የሚመስለው፤ እዚህ ጋራዥ ዱባው ብለን ጠርተነዋል። ዘይቱ ጠቁሮ ብረቱ ያብለጨልጫል። አንገቱ ላይ ጥፍሬ ያዘኝ። የመሃሉ ቀለበት ወደ ሁለቱም ወገን እንደ ልጆች መጫወቻ ዞረ። እንግዲህ ሞቷል።

ኢዮብ የተባለው ልጅ በሰው በሰው አምጡት ብሎ ልኮብኛል። አልሰጥም ብያለሁ። ወልቂጤ ድረስ ተጎትቶ የሄደ መኪና የሀያቱን ስም ይዞ ነው የሚሄደው። አንተ ዱባውን ላክ፣ አገባቡንም ጻፍልኝ። ካምቢዮ ካምቢዮ ነው።

ባሂራን ባለፈው ማክሰኞ አየኋት። ለገበያ ከእናቷ ጋር ወርዳ ነበር። ፊቷ ሞልቷል። መኪናው መቼ ይድናል ብላ ጠየቀችኝ። ሙከሚል ከላከ ወሩን አይሞላም አልኳት።

አጎትህ ሀያቱ


ሻርጃ፣ መጋቢት 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ሀያቱ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። የረመዳኑን ምንዳ አላህ ይክፈልዎት፤ ዒዱን በጤና ይዋሉልኝ።

የጎረቤታችን ልጅ ሰልሚያ ለዒድ አገር ስለምትገባ ዱባውን በሷ ሻንጣ ልኬያለሁ። የራሷን ልብስ ቀንሳ ነው የያዘችልኝ፣ ያመስግኗት። ያገለገለ ገዝቼ ነው፤ ለሰው አልሰጠሁትም፤ እኔው ራሴ ከሥራ ሰዓት በኋላ ከፈትኩት፣ አጠብኩት፣ ያለቀውን የውስጥ ሽፋን ቀየርኩ፣ በየድኩት፣ ሚዛኑን አየሁ፣ አየር ሞልቼ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። አንድ አረፋ አልወጣውም።

የዘይት ማቀዝቀዣውን ቱቦ በነዳጅና በአየር ሳያጥቡ እንዳያስሩ፤ የአሮጌው ብረት እዚያ ተደብቆ አዲሱን ይበላዋል። ከማስገባትዎ በፊት ዱባው ውስጥ አንድ ሊትር ዘይት ያፍስሱ። ደረቁን መነሳት የለበትም።

አሁን ዋናው። ዱባው ካምቢዮው ውስጥ ሲገባ ሦስት ቦታ መያዝ አለበት። እየገፉ በቀስታ ያሽከርክሩት። አንዴ ቋ ይላል፤ ሁለቴ ቋ ይላል፤ በሦስተኛው ዘይት የሚገፋውን ፓምፕ ይይዛል። ሦስተኛው ሳይሰማ ካምቢዮው ሞተሩ ላይ ከታሰረ የራሱ ብሎን ፓምፑን ይሰብረዋል። ለሌላ ሰው ብጽፍ ሌላም እጨምር ነበር። ለእርስዎ ግን ጆሮዎ ይበቃል። ካቻቪቴ ሞተር ላይ አስደግፈው፣ እጀታውን ጆሮዎ ላይ አድርገው የትኛው ኩሽኔታ እንደታመመ ሳይፈቱ ይናገሩ የነበሩ ሰው ነዎት። ይህን ሥራ ያስተማረኝ ያ ጆሮ ነው።

ደግሞም ሕጋችንን አይርሱ፦ የከፈተ ይሳፈራል። እዚህ ያሉት ይስቁብኛል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ የከፈትኩት መኪና የመጀመሪያውን መንገድ ሲሄድ አጠገብ እቀመጣለሁ። «ለሥራህ ነፍስህን ካላስያዝክ የሰው ነፍስ አታስይዝ» ይሉኝ ነበር።

ባሂራ ሰባተኛዋን ጀምራለች። ሰኔ ይላሉ። እስከዚያ መኪናው እንዲድንልኝ ነው ዱዓዬ።

ሙከሚል


ቡታጅራ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሙከሚል።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። እጅህ አይድከም፣ ዘርህ ይብዛ፣ የነካኸው ይባረክ። ዱባው በሰላም ደርሶ ገባ! መኪናው ሄደ!

ቱቦውን አጠብን፣ ዘይቱን ሞላን፣ ሁሉንም እንዳዘዝከኝ አደረግሁ። ሲታሰር ትንሽ ታገለኝ፤ እኔም ታገልኩት፤ በመጨረሻ ብሎኑ አሸንፎ ገጠመ። ሰው ተሰብስቦ ነበር። የእድሩ ዳኛ «ሀያቱ እያለ ወልቂጤ ምን ልንሠራ» ብሎ በሰው ፊት ግንባሬን ሳመኝ። ሸምግዬ የተሳምኩት ያን ቀን ነው።

ጉልበቴን ስላመመኝ አብዶ ብቻውን እስከ ቡኢ ነድቶት ተመለሰ። ምንም አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ወላድ አውርዷል፣ ሁለቱም በሰላም ተገላገሉ።

ይህን ደብዳቤ ሰልሚያ በሚመጣው ሳምንት ስትመለስ ይዛልህ ትመጣለች። ስለ ባሂራ አትስጋ፤ ለአረፋ የሚታረደው ሙክት እንኳ ታስሯል። ልጅህን ታቅፌ አንድ ነገር ጆሮው ላይ እነግረዋለሁ።

አጎትህ ሀያቱ


ሻርጃ፣ ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለጋሽ ሀያቱ።

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታ የማስረዝምበት አንጀት የለኝም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የአረፋ ማግስት የባሂራ ወንድም ደወለልኝ። ልጅህ አልተረፈችም፣ ባሂራ ተርፋለች አለኝ። መኪናው መንገድ ላይ ቆመ አለኝ። ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ቀን ደወልኩ። አክስቴ ሃሊማ ታለቅሳለች፣ አብዶ ስልኩን ዘግቷል፣ እርስዎ «ተኝቷል» ነዎት። በጠራራ ፀሐይ የሚተኛ ሰው ሆነዋል።

የሰልሚያ ቪዛ ዘግይቶ ኖሮ የገባችው ሰኔ 20 ነው። የሚያዝያውን ደብዳቤዎን የዚያን ዕለት ሰጠችኝ። በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። «ሲታሰር ትንሽ ታገለኝ» የሚለው ጋ ስደርስ መልሼ አነበብኩት። ጋሼ፣ አይታገልም! ሦስቱን ከያዘ በሁለት ጣት ይገጥማል። ያንን ቃል በሚያዝያ ባየው «አቁሙት፣ አውርዱት» ብዬ ከተማውን በስልክ እቀውጠው ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ሻንጣ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ስልክ አልወድም ብለው!

ሁለት ነገር ይመልሱልኝ። ሦስተኛውን ድምፅ ሰምተዋል? ደግሞ ጉልበትዎን የታመሙት እውነት ነው? ሠላሳ ዓመት የከፈቱትን ሁሉ ሲሳፈሩ የኖሩ ሰው የኔን ሚስት የሚያመጣውን ለምን አልተሳፈሩም?

ሙከሚል


ቡታጅራ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙከሚል።

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ሰብሩን ይስጥህ። ሌላ የምመርቅበት አፍ የለኝም።

አልሰማሁም። ሦስተኛውን ብቻ አይደለም፣ አንደኛውንም አልሰማሁም። ሙከሚል፣ ጆሮዬ ከሞተ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ግራው ቀድሞ ሄደ፣ ቀኙ ተከተለው። ከሃሊማ በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም። የሰው ከንፈር አያለሁ፤ ያልገባኝን በሳቅ አልፋለሁ። ለመውሊድ መጥተህ ያላወራሁህ ለዚህ ነው። አንተ በልጅነትህም አፍህን ሳትከፍት ነው የምታወራው።

ዱባውን ሳስገባ እጄ ላይ አንድ ነገር መታኝ፣ ሁለተኛም መታኝ። ሦስተኛው የመታኝ መሰለኝ። ሰው ቆሞ ያየኛል፤ «ገባ?» ይሉኛል፤ ገባ አልኩ። ሞተሩ ሲነሳ ካቻቪቴውን ጆሮዬ ላይ ደግፌ ራሴን ነቀነቅሁ። ምንም ሳልሰማ፣ ሰው እንዲያየኝ ብዬ። ይህን ስጽፍልህ አፍራለሁ። ያልተሳፈርኩትም መኪና ውስጥ ሰው ከኋላ ሲያወራኝ እጋለጣለሁ ብዬ ነው። ጉልበቴ ደህና ነው።

አሁን የምነግርህን ቁጭ ብለህ አንብበው። መኪናው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያፏጭ ነበር። አብዶ ሰምቷል፣ የእድሩ ዳኛ ሰምቷል፣ ገበያተኛው ሳይቀር ሰምቷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ እኔ ዘንድ አልደረሰም። አብዶን አንቀን ስንጠይቀው ምን አለ መሰለህ? «ጋሽ ሀያቱ ካቻቪቴውን ደግፎ አዳምጦ ዝም ብሏል። እሱ ዝም ያለውን ድምፅ እኔ ማን ነኝና እናገራለሁ? የአዲስ ዕቃ ጠባይ ነው ብዬ ነው።» ለሀያቱ ስለ ድምፅ የሚነግር ሰው ቡታጅራ ውስጥ አልተገኘም።

የአረፋ ማግስት ረፋድ ላይ ምጥ ያዛት። አብዶ ደርሶ ጫናት። ከወንዙ በላይ ያለው ዳገት ላይ ፉጨቱ ጠነከረ። ባሂራ በምጧ መሃል «ምንድነው የሚያፏጨው?» ብላ ጠየቀች። አብዶ «አይዞሽ፣ ጋሽ ሀያቱ ነው የሠራው» አላት። ሁለት መቶ ሜትር አልሄዱም፤ ፉጨቱ ቆመ፣ መኪናውም ቆመ። ሞተሩ ይዞራል፣ ጎማው አይንቀሳቀስም። አገሩ ሁሉ ቤቱ ሥጋው ላይ ነው፤ መንገዱ ላይ አህያ እንኳ አልነበረም። ቃሬዛ እስኪመጣ፣ ተሸክመው ጭቃውን እስኪወጡ ሦስት ሰዓት ተኩል ሄደ። ሆስፒታል ሲደርሱ የልጅቷ ልብ ቆሞ ነበር። ባሂራ ብዙ ደም ፈሷት በአላህ ቸርነት ተረፈች።

መኪናውን ወልቂጤ ወሰድኩት፤ ተሸንፌ። ኢዮብ ሲከፍተው የፓምፑ ጥርስ ተሰባብሮ ዘይቱ ውስጥ ወርዶ አገኘ። መስማት እንደማልችል ለባዳ ሰው የነገርኩት ያን ቀን ነው። ልጁ ጨዋ ነው፤ አልሳቀብኝም። ስልኩ ላይ እየጻፈ አሳየኝ። አዲስ ፓምፕ አስገብቶ ዱባውን ሲመልስ የካምቢዮውን አፍ ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሞ ጥልቀቱን በማስመሪያ ለካ። ከዚያ «አሥራ ስምንት ሚሊ ካልገባ ሦስተኛውን አልያዘም ማለት ነው፤ ጆሮ አያስፈልገውም፤ ይህን አልነገሩዎትም?» ብሎ ጻፈልኝ።

ቤቴ ገብቼ ደብዳቤህን ከግድግዳው ላይ አውርጄ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ዘይቱ አለ። ቱቦው አለ። ድምፁ አለ። ማስመሪያ የሚል የለም።

ጥፋቴን ላካፍልህ አይደለም። ውሸቱ የኔ ነው፣ የቂያማ ዕለት የምጠየቀው እኔ ነኝ። ግን አንድ ነገር ንገረኝ። እናንተ እዚያ ትለካላችሁ?

አጎትህ ሀያቱ


ሻርጃ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እንለካለን። ሁልጊዜ እንለካለን። ሳይለካ ያሰረ ሠራተኛ እዚህ በዚያው ቀን ይባረራል።

መልሱን ለመጻፍ ሦስት ወር የፈጀብኝ አንድ ወረቀት ፍለጋ ነው። ማለቴ ወረቀቱ ትራሴ ስር ነበረ፤ ያጣሁት የማይበት ዓይን ነው። የመጋቢቱ ደብዳቤ ረቂቅ ነው። ከሦስቱ ድምፆች ቀጥሎ አንድ መስመር ጽፌ ነበር። ከዚያ አንብቤው አፈርኩ። እኔ ማን ነኝና ለሀያቱ ለካ እላለሁ? ጆሮው ያሳደገኝን ሰው በማስመሪያ ልፈትነው? ብልግና መሰለኝ። ሰርዤው፣ በቦታው «ለእርስዎ ግን ጆሮዎ ይበቃል» የሚለውን ጻፍኩ። ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር። አክብሮት ነበር፣ ወላሂ።

አብዶን አልወቅሰውም። እኔም ያደረግሁት እሱ ያደረገውን ነው።

እርስዎን ግን ልዋሽዎት አልችልም፤ አልረገምኩዎትም፣ ምርቃቱም አልወጣልኝም። ከአፌ ሊወጣ ሲል እዳገቱ ላይ ይቀርብኛል። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አንድ ቀን «አልሰማም» ቢሉኝ! ጆሮ አጡ ብዬ የምንቅዎት ሰው ነኝ? የጆሮ መስሚያ ከዚህ ልኬልዎት ነበር፤ ከዱባው ይልቅ ይቀላል፣ ሰልሚያም ልብሷን ባልቀነሰች።

ባሂራ አሁንም በጋራዥዎ ስታልፍ ጎንበስ ብላ ሰላም እንደምትልዎት ነግራኛለች። ስለማታውቅ ነው። በየስልኩ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሙከሚል፣ ያ የሚያፏጨው ምን ነበር?» የዚህ ሥራ ባለሙያ ነኝ፣ ዓረቦቹ እንኳ በድምፅ ለይ ብለው እኔን ይጠራሉ፤ ለሚስቴ ግን አላውቅም እላታለሁ።

ለሚመጣው አረፋ ፈቃድ ወስጃለሁ። ላይ አገር አብረን እንወጣለን፤ በእድሩ መኪና፣ እርስዎ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እናቷ ቤት ቁጭ ብለን እርስዎ የጆሮዎን ይነግሯታል፣ እኔ የማስመሪያውን እነግራታለሁ። ከዚያ በኋላ የምትለንን እንሰማለን፤ እርስዎ ካልሰሙ እኔ እጽፍልዎታለሁ።

ረቂቁን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። የተሰረዘው በቀጭን መስመር ስለሆነ ከስሩ ያለው ይነበባል፦ «ጋሼ፣ ከማሰርዎ በፊት በማስመሪያ ይለኩት፤ ከአሥራ ስምንት ሚሊ ካነሰ ያውጡትና እንደገና ይሞክሩ።» ግድግዳው ላይ ይለጥፉት።

የከፈተ ይሳፈራል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እኔ ሻርጃ ከፈትኩት፣ እርስዎ ቡታጅራ ከፈቱት። የተሳፈረችው ባሂራ ናት።

ሙከሚል